ከወንዶ ገነት እስከ ምዌካ፤ የዱር አራዊት ትምህርት ለሚሹ ልጆች ኮሌጅ ስለ መምረጥ

ልጁን ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚልክ ወላጅ አስቀድሞ የሚጠይቀው የትምህርት ቤቱን ስም፥ የሕንፃውን ማማርና ከትምህርቱ በኋላ የሚገኘውን ደመወዝ ነው። ይህም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ከትምህርቶች ሁሉ መካከል በክፍል ውስጥ ብቻ ተቀምጠው ሊፈጽሙት የማይቻል አንድ ትምህርት አለ፤ እርሱም የዱር አራዊትን የመጠበቅና የማስተዳደር ትምህርት ነው። ለዚህ ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪ ኮሌጅ የሚመርጥ ሰው ከሕንፃው ይልቅ በሕንፃው ዙሪያ ያለውን አገር ሊመረምር እንደሚገባው፥ ዞሬ ያየሁትን በመንገር ለማስረዳት አስቤአለሁ።

አባቶቻችን ይህን ነገር አሳምረው ያውቁት ነበር። ድጓ ሊያስመሰክር የሚሻ ተማሪ ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የሚሻ ወደ ዙር አባ ይወጣል፤ ቅኔ የሚሻ ወደ ጎጃም ይሻገራል፤ አቋቋምና የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚሻም ጎንደርን ይመርጣል። ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ውሻ እየጮኸበት ያን ያህል መንገድ በእግሩ የሚሄደው በመንደሩ መምህር ጠፍቶ አይደለም፤ ትምህርቱ ከዚያ ቦታና ከዚያ ጉባኤ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ነው። የዱር አራዊት ትምህርትም እንደዚሁ የራሱ ቦታ አለው።

ይህን እንድመረምር ምክንያት የሆነችኝ የእኅቴ ልጅ ናት። በ12ኛ ክፍል ፈተና መልካም ውጤት ባገኘች ጊዜ እናቷ ሐኪም ወይም የሕግ ዐዋቂ ትሆናለች ብላ ስትጠብቅ፥ እርስዋ ግን የምማረው የዱር አራዊት አስተዳደር ነው አለች። እኅቴም ወደ እኔ መጥታ፦ «ወንድም ጋሼ፥ አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኋት ከጅብና ከነብር ጋር እንድታድር ነውን?» አለችኝ። ልጅቱ ደግሞ በበኩልዋ፦ «ጋሼ፥ ሐኪም መሆን የሚፈልጉ ጓደኞቼ ብዙ ናቸው፤ ቀይ ቀበሮ ስንት እንደ ቀረ የሚያውቅ ግን አንድም የለም» አለችኝ። እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የኖርሁ ሰው እንደ መሆኔ ሁለቱ ወገኖች ሳይሰሙ መዝገብ መዝጋት ልማዴ አይደለም። ስለዚህ ቃል ከመስጠቴ በፊት ትምህርቱ የሚሰጥባቸውን ቦታዎች በዓይኔ ለማየት ቈረጥሁ።

አስቀድሞ ግን ትምህርቱ ምን እንደ ሆነ መግለጽ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የዱር አራዊት ትምህርት ሲባል ጠመንጃ ይዞ አዳኝን ማባረር ብቻ ይመስለዋል። ይህ ከሥራው አንዱ ክፍል ነው እንጂ ሁሉም አይደለም። አራዊቱን መቍጠር፥ የሚበሉትን ሣርና ቅጠል ማወቅ፥ ውሃቸው ከወዴት እንደሚመጣ መከታተል፥ በሽታቸውን መለየት፥ ከሁሉም ይልቅ በአጠገባቸው ከሚኖረው ገበሬና አርብቶ አደር ጋር በሰላም መኖር የሚቻልበትን መንገድ መፈለግ የዚህ ትምህርት ሥራ ነው። በአሜሪካ ይህን ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ካቆሙት ሰዎች ዋነኛው አልዶ ሊዮፖልድ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1933 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የዚህ ትምህርት ፕሮፌሰር ሆነ። እርሱም በ1935 በዊስኮንሲን ወንዝ አጠገብ አፈሩ የደከመ አሮጌ የእርሻ ቦታ ገዝቶ ከቤተ ሰቡ ጋር ዛፍ ይተክልበት ጀመር። እንግዲህ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሊቅ እንኳ የሚመረምረው መሬት ከከተማ ውጭ ማግኘት እንዳስፈለገው እናያለን።

ከአገራችን ኮሌጆች መካከል ለማየት የመረጥነው ወንዶ ገነትን ነው። ከአዲስ አበባ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ ሲወርዱ የዝዋይ፥ የላንጋኖ፥ የአብያታና የሻላ ሐይቆች ተከታትለው ይገኛሉ። ለመንገደኛ ዓይን የሚያምር የውሃ ሰልፍ ነው፤ ለተማሪ ግን የመጀመሪያው ትምህርት ከዚሁ ይጀምራል። ከመንቍሩ በታች ከረጢት ያለው ፔሊካን የሚባለው ትልቅ ነጭ ወፍ በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ እንቍላሉን ይጥላል፤ ዓሣውን ግን ያጠምድ የነበረው በአብያታ ነው፤ ሻላ ጥልቅ ቢሆንም ዓሣው ጥቂት ነውና። አብያታ ደግሞ ውሃውን የሚያገኘው ከዝዋይ በሚወርደው በቡልቡላ ወንዝና ከላንጋኖ በሚመጣው በሆራ ቀሎ ነው። በዝዋይ ዙሪያ ውሃው ለመስኖ ሲጠለፍ፥ ከራሱ ከአብያታም ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲቀዳ፥ ሐይቁ ወደ መሐል ሸሸ፤ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣውም አለቀ። ወፉም ለልጆቹ ምግብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ ለመብረር ተገደደ።

የእኅቴ ልጅ ይህን ከአስጐብኛችን በሰማች ጊዜ፦ «እንግዲህ ወፉን የሚጠብቅ ሰው በዝዋይ ካለው አትክልተኛ ጋር መነጋገር ይኖርበታል ማለት ነው» አለች። በእውነት ነገሩ ይኸው ነው። ወፉ በአንዱ ሐይቅ ያድራል፤ በሌላው ይበላል፤ ዕጣው የሚቈረጠው ግን በሦስተኛው ዳር ነው። ይህን በመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፤ ነገር ግን ውሃው ጥሎት በሄደው ነጭ መሬት ላይ ቆሞ የሰማው ተማሪ አይረሳውም።

ሻሸመኔ ከደረሱ በኋላ ወንዶ ገነት 14 ኪሎሜትር ያህል ብቻ ይቀራታል። አገሩ እንደ ስሙ ነው። ከተራራው ሥር ፍል ውሃ ይፈልቃል፤ ምንጩ በየቦዩ ይወርዳል፤ ሸንኮራ አገዳውና ጫቱ፥ ቡናውና እንሰቱ በየጓሮው ይታያል። የደን ኮሌጁ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1978 በስዊድን መንግሥት ርዳታ ተቋቋመ፤ ዛሬም በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ከደን ትምህርት ጋር የዱር አራዊትን ትምህርት በዲግሪ ይሰጣል። ከጀርባው ያለው ተራራ በዝግባ፥ በዋንዛና በብሳና የተሸፈነ ነው። በማለዳ ጉሬዛው ነጭ ካባውን እያንዠረገገ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘል ከመንገድ ላይ ሆኖ ማየት ይቻላል። ተማሪው ከመኝታ ቤቱ ወጥቶ ጥቂት ሲራመድ ከጫካ ይገባል ማለት ነው። እንጨት ለቅማ በጀርባዋ ተሸክማ የምትወርደውንም ሴት በዚያው መንገድ ያገኛታል። ደኑ ለጉሬዛው ቤት፥ ለእርስዋ ደግሞ ማገዶ እንደ ሆነ በአንድ ማለዳ ያያል።

ከሻሸመኔ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ደግሞ ሰንቀሌ የሚባለው የቆርኬ መጠለያ ይገኛል። ይህ የቆርኬ ዘር ቀድሞ በሶማሌ አገርም ይገኝ ነበር፤ ከዚያ ጠፍቶ ዛሬ በዓለም ላይ የቀረው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። መጠለያው ከ60 ካሬ ኪሎሜትር የማይበልጥ ሜዳ ሲሆን በዙሪያው እርሻና የከብት ግጦሽ ከቦታል። ቆርኬው ፊቱ ረጅም፥ መልኩ ቀይ ዳማ፥ ቀንዱ የተቈለመመ ነው፤ ከቍጥቋጦ አጠገብ ቆሞ ሲያይ የተቈጣ ዳኛ ይመስላል። እኔ በሥራዬ የድንበር ክርክር መዝገብ ስጽፍ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ፤ ነገር ግን ከተከራካሪዎቹ አንደኛው ቃሉን መስጠት የማይችል አውሬ የሆነበት ድንበር ያየሁት በሰንቀሌ ነው። ገበሬውም ልጆቹን የሚያበላበት መሬት ያስፈልገዋል፤ ቆርኬውም ሌላ የሚሄድበት አገር የለውም። ይህን ነገር ሁለቱን ሳይበድል የሚያስማማ ሰው ከየት ይምጣ? ከትምህርት ቤት ይምጣ ቢባል፥ ትምህርት ቤቱ ገበሬውም ቆርኬውም ከሚታዩበት ስፍራ ሊርቅ አይገባውም።

ወደ ባሌ በሄድን ጊዜ እኅቴም ተከትላን መጣች። ከሻሸመኔ በዶዶላ በኩል ወጥተን ዲንሾ ደረስን። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት በዚያ ነው። ፓርኩ ወደ 2,200 ካሬ ኪሎሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ሲሆን በፈረንጅ አቆጣጠር በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የደጋ አጋዘን ከቤቶቹ አጠገብ ሳይሸሽ ሲግጥ አየን። ይህን አውሬ የአውሮጳ ሊቃውንት ያወቁት አይቨር በክስተን የሚባል እንግሊዛዊ በ1908 ከገደለው ወዲህ ነው፤ ለባሌ ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ጎረቤቱ ነበር።

በማግሥቱ በጎባ በኩል ወደ ሰነቲ ሜዳ ወጣን። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ አገር ነውና ነፋሱ እንደ መርፌ ይወጋል። ከዚያ ቀይ ቀበሮን አየን። ቍመቷ ከውሻ የማይበልጥ፥ ቀይ ካባ የለበሰች፥ ጉሮሮዋ ነጭ የሆነ ፍጥረት ናት፤ ከፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ ሆዷን ከመሬት አጣብቃ ታደባለች። እኅቴ ጋቢዋን ተከናንባ ሳትናገር ረጅም ጊዜ ቆመች። በኋላም ጠባቂውን ጠርታ፦ «የዚህች ዘር ስንት ነው?» አለችው። እርሱም በኢትዮጵያ ተራሮች ሁሉ ተደምሮ 500 ያህል እንደ ሆነ፥ ከነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ እንደሚኖሩ ነገራት። እኅቴም፦ «የእኛ ቀበሌ ሰው እንኳ ከዚህ ይበዛል» አለች።

ጠባቂው ደግሞ ትልቁ ጠላታቸው አዳኝ እንዳልሆነ አስረዳን። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1991ና በ1992፥ ኋላም በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ከእረኞች ውሾች ተላልፎ ከቀበሮዎቹ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ስለዚህ ቀበሮዋን ለማዳን የሚሠራው አንዱ ትልቅ ሥራ በየመንደሩ እየዞሩ የሰዎችን ውሾች መከተብ ነው። ውሻውን ለማስከተብ ከባለቤቱ ጋር መስማማት ያስፈልጋል፤ ለመስማማትም ቋንቋውን፥ ባህሉንና የከብቱን አያያዝ ማወቅ ግድ ነው። ይህ ሁሉ እንግዲህ ከወንዶ ገነት በአንድ ቀን የመኪና መንገድ ውስጥ የሚገኝ ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ቦታ ከአገራችን ውጭ ነው፤ በታንዛንያ የሚገኘው የምዌካ የአፍሪካ የዱር አራዊት አስተዳደር ኮሌጅ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የፓርክ ሹማምንት በዚያ ስለ ተማሩ ስሙ በአገራችን የታወቀ ነው። እኔም የዓመት ፈቃዴን አውጥቼ ለማየት ሄድሁ። ከሞሺ ከተማ ተነሥቶ ወደ ኪሊማንጃሮ ተራራ የሚወጣው መንገድ በቻጋ ሕዝብ የሙዝና የቡና ጓሮ መካከል ያልፋል። የሙዙ ቅጠል ከሩቅ ሲታይ የእንሰት ጓሮ ስለሚመስል የሲዳማን አገር ያሳስባል። ደመናው በተገፈፈ ጊዜ 5,895 ሜትር ከፍታ ያለው የኪሊማንጃሮ ራስ በረዶውን ተከናንቦ ከኮሌጁ በላይ ይታያል፤ ወደ ታች ሲመለከቱ ደግሞ ሰፊው የማሳይ ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል።

የኮሌጁ ታሪክ እንደዚህ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በመስከረም 1961 በአሩሻ ስለ አፍሪካ የዱር አራዊት ትልቅ ጉባኤ ተደርጎ ነበር፤ በዚያም ጊዜ ጁልየስ ኔሬሬ አራዊቱን መጠበቅ የአዲሱ መንግሥት ኃላፊነት እንደ ሆነ፥ ለዚህም ሥራ የሠለጠኑ ሰዎች እንደሚያስፈልጉ አስታወቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1963 ኮሌጁ ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ርእሰ መምህርም ሂዩ ላምፕሬይ ነበር። በዚያው ዓመት በጁልያን ሀክስሌ የሚመራ የዩኔስኮ ልዑክ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የአራዊታችንን ሁኔታ መረመረ፤ በ1969ም የአዋሽና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርኮች በሕግ ተቋቋሙ። ፓርክ ሲቆም ጠባቂ ያስፈልጋልና የሁለቱ አገሮች ታሪክ በዚህ ይገናኛል።

የምዌካ ትምህርት ከመጀመሪያው ጀምሮ በሥራ ላይ የተመሠረተ ነው። ተማሪዎቹ ሳፋሪ በሚሉት ጉዞ፥ በስዋሂሊ ቃሉ ጉዞ ማለት ነው፥ ወደ ሜዳ ወጥተው በድንኳን ያድራሉ፤ ካርታ ማንበብን፥ አራዊት መቍጠርን፥ የመኪና ጥገናንና የጠመንጃ አያያዝን ይማራሉ። ሴሬንጌቲ የሚባለው ፓርክ ብቻውን ከ14,700 ካሬ ኪሎሜትር ይበልጣል፤ በስዋሂሊ ንዩምቡ የሚሉት የቆርኬ ዘመድ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሆኖ በየዓመቱ ሣርና ዝናም እየተከተለ ይዞርበታል። በንጎሮንጎሮም ከ1959 ጀምሮ የማሳይ ከብትና የዱር አራዊት በአንድ ምድር እንዲኖሩ የተደረገው ሙከራ ምን መልካም፥ ምን ክርክር እንዳመጣ ተማሪው በሥፍራው ይመረምራል። ከየአፍሪካው አገር የመጡ ልጆች በአንድ ድንኳን ስለሚያድሩም አንዱ የሌላውን አገር ችግር ይሰማል።

አሁን ሁለቱን ላመዛዝን። ምዌካ ሰፊ ፓርክና ብዙ መንጋ እንዴት እንደሚተዳደር፥ እንግዳ እንዴት እንደሚስተናገድ ለማየት የሚመረጥ ቦታ ነው። ነገር ግን የውጭ አገር ተማሪ የትምህርት ክፍያውንና የመንገዱን ወጪ መቻል አለበት። የሚማረውም በብዛት ያለውን መጠበቅ ነው። በእኛ አገር ያለው ችግር ከዚህ የተለየ ነው፤ የእኛ አራዊት ጥቂት ናቸው፤ በተራራ ራስና በጠባብ ሜዳ ቀርተዋል፤ በዙሪያቸው ያለው ሕዝብም ብዙ ነው። ይህን ችግር የሚያስተምር ምድር ወንዶ ገነት ነው። ስለዚህ በአገሩ ሊሠራ የሚያስብ ልጅ የመጀመሪያውን ዲግሪ በአገሩ ቢማር፥ ለሁለተኛው ዲግሪ ወይም ለአጭር ጊዜ ሥልጠና ወደ ምዌካና ወደ ሌላም ቢሻገር የተሻለ ሆኖ አገኘሁት። አስቀድሞ የቤቱን ችግር ያወቀ ሰው ከሰው አገር የሚጠቅመውን ለይቶ ያመጣል።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁ ይህን ትምህርት ቢመርጥ ኮሌጁን እነዚህን ነገሮች ጠይቁት። ተማሪው በዓመት ስንት ቀን በመስክ ያድራል? ከመምህራኑ መካከል በፓርክ ውስጥ የሠሩ አሉን? ለጉዞ የሚሆን መኪና፥ ድንኳንና መነጽር አለን? ካሁን በፊት የተመረቁት ዛሬ በምን ሥራ ላይ ናቸው? ሴቶች ተማሪዎች በመስክ ሲያድሩ ጥበቃቸውና ማረፊያቸው እንዴት ነው? በዲግሪው ላይ የሚጻፈው የትምህርት ስም ቀጣሪው መሥሪያ ቤት ከሚጠይቀው ጋር ይስማማልን? ደግሞም በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባው በፈተና ውጤትና በተማሪው ምርጫ መሆኑን፥ የትምህርት ክፍሉም ከገቡ በኋላ በውጤት የሚደለደል መሆኑን አትርሱ። ዩኒቨርሲቲውን ማግኘት ክፍሉን ማግኘት አይደለምና ልጁ በመጀመሪያው ዓመት ሊተጋ ይገባዋል። ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ ተማሪው የወጪውን ድርሻ ከተመረቀ በኋላ እየሠራ የሚከፍልበት ሥርዓት አለ።

እኅቴ ከባሌ ከተመለስን በኋላ ለሦስት ቀን ስለ ነገሩ አልተናገረችም። በአራተኛው ቀን ልጅቱን ጠርታ፦ «ሂጂ፤ ነገር ግን በዚያ ብርድ ላይ በዚህች ቀጭን ሹራብ አትወጪም፤ ወፍራም ጋቢ አስፈትልልሻለሁ» አለቻት። ልጅቱም በምርጫ ቅጽዋ የመጀመሪያ መስመር ላይ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲን ጻፈች።

እንግዲህ ሌሎችንም ወላጆች የምመክረው ይህን ነው። ቅጹ ከመሞላቱ በፊት ልጃችሁን በቅርብ ወደሚገኘው ፓርክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁለት ሌሊትም እደሩ። ወደ ሰሜን ያለ ሰው ጭላዳውንና ዋልያውን ያሳየው፤ ወደ ምሥራቅ ያለ በአዋሽ ሳላውን ያሳየው፤ ወደ ደቡብ ያለ ሐይቆቹን ያሳየው። በሁለተኛው ጧት ልጁ ብርዱንና ድካሙን ረስቶ ስለ አራዊቱ መጠየቅ ከቀጠለ ትምህርቱ የእርሱ ነው። መመለሻውን ሰዓት ከጠየቀ ግን ሌላ ብዙ መልካም ትምህርት አለና በዚያ ይማር።